የቀኝ መንጋጋው ሰንበር

የእህል ነጋዴው አራጌ በገዛ ግቢው በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። መካነ ሰላም ያን ጠዋት ጭጋግ ውጧት ነበር፤ ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ሬሳውን በደንብ ለማየት በጉልበቷ መንበርከክ ነበረባት። ሟቹ የወደቀው በስልጠና አዳራሹና ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል መካከል፣ ወደ መጸዳጃው በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። የራስ ቅሉ ከክፍሏ ደፍ ድንጋይ ጋር ተላትሟል። ከቀኝ መንጋጋው ሥር የጠቆረ ሰንበር አለ። ከጭንቅላቱ ሥር ደግሞ አራት ላይ የታጠፈ ንጹሕ ጆንያ ገብቶለታል።

«ይህን ጆንያ ማን አስገባው?» አለች ብርሀንነሽ።

«ሳገኘው እንዲሁ ነበር» አለ የሟቹ ልጅ ዘማርያም፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የተኛ መስሎኝ አባዬ እያልኩ ጠራሁት።»

ወይ ጉድ! ሰው ገድሎ ትራስ የሚያበጅ ገዳይ የት አገር ታይቶ ይታወቃል? ብርሀንነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም።

የኋለኛዋ ክፍል በር ላይ አንዲት ሴት እስከ ጆሮዋ በጥቁር ነጠላ ተጀቡና ቆማለች። ሙሉሐረግ ትባላለች፤ የአራጌ ሟች ወንድም ሚስት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ክፍል ብቻዋን ትኖራለች።

«ትናንት የሰማሽው ነገር አለ?»

«ነፋስ ነበር» አለች ሙሉሐረግ። ሌላ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ወደ ውስጥ ገባች።

ፖሊሶቹ ነገሩን ለመቋጨት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አዳራሹን ተከራይቶ ያለ መሣሪያ ራስን መከላከል የሚያስተምረው ሁዜይፋ ከአራጌ ጋር በዚያው ሳምንት «ውጣልኝ»፣ «አልወጣም» ተባብለው ሰፈሩን አሸብረውታል። ምቱም የእሱ ትምህርት ነው፦ አንገትህን ያነቀህን ሰው በአንድ እጅህ እጁን ትቆልፋለህ፣ በሌላው መዳፍህ አገጩን ከታች ወደ ላይ ትለዋለህ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ታሰረ።

ብርሀንነሽ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የአቀስታ ልጅ።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ።

«ስልጠናው ካለቀ በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን ተኛሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ማን ይመስክርልኝ?»

አጠገቡ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን አየች። «ዘመድ ከሌለህ ስንቅ ማን አመጣልህ?»

«እኔም ገርሞኛል። ጥበቃው አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ሰጥታው ሄደች ነው የሚለው። ሙስሊም መሆኔን አስባ ነው መሰለኝ፣ ሥጋ የለበትም። ሽሮ ብቻ።»

«እስቲ ተነሥ፤ ምቱን እንዴት ነው የምታስተምረው?»

ሁዜይፋ ተነሥቶ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ቆለፈና የግራ መዳፉን ወደ ላይ ወረወረ።

«አዩ አይደል!» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ እየፈነደቀ። «ፊት ለፊት የቆመን ሰው ቀኝ መንጋጋ የሚያገኘው ግራ እጅ ነው። አለቀ!»

«አለቀ እንግዲህ» አለች ብርሀንነሽም። ልትወጣ ዞር ብላ ሳለ ግን ድንገት ተመልሳ የሁዜይፋን አንገት አነቀች። ሰውዬው ደነገጠ። ግራ እጁ እጇን ቆለፈ፤ ቀኝ መዳፉ አገጯ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

«ኧረ በአላህ! ልመታዎት ነበር እኮ!»

«አብሽር» አለች እየሳቀች፤ ኮሌታውን አስተካክላለት ወጣች።

ከዚያ ወደ ፋና ፀጉር ቤት ሄደች። ፋና የሁዜይፋ ሰልጣኝ ናት። አራጌ «በሱሪ ግቢዬን አትረግጪም» ብሎ ክንዷን ይዞ ስለገፈተራት በሰው ፊት ሰድባዋለች።

«አልዋሽዎትም» አለች ፋና ማበጠሪያዋን አስቀምጣ። «ሞቱን አልተመኘሁም። ግን ደግሞ አላለቀስኩም።»

ብርሀንነሽ ድንገት አነቀቻት። ፋና በግራዋ ቆለፈች፣ ቀኟን ሰነዘረች፣ ወዲያው ዘላ ከበሩ ውጭ ተገኘች።

«ምነው ሮጥሽ?»

«ሁዜይፋ ከመታችሁ በኋላ አትቁሙ ይለናል። ‹የምንመታው ለማምለጥ ነው፣ ሩጡ!› እያለ ይጮኻል። እግሬ ለምዶብኝ ነው፣ ይቅርታ።»

ዘማርያም ቀረ፤ እሱም የሁዜይፋ ሰልጣኝ ነው። ቃሉን ሰጥቶ ሲፈርም እስክሪብቶውን በግራው ያዘ። ፖሊሱ ብርሀንነሽን በክርኑ ነካ አደረጋት። አባትና ልጅ ተኳርፈው መክረማቸውንም ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ደሴ ሄዶ መማር ፈልጎ አባቱ እንቢ ብሎት ነበር። ብርሀንነሽ እሱንም አነቀችው። ግራኙ ዘማርያም በቀኙ ነው የሰነዘረው፤ በሁለት እርምጃም በሩ ጋ ደረሰ።

«ሁላችንንም በቀኝ ነው ያስለመደን» አለ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። «ፊት ለፊታችን ቆሞ እያሳየን።»

ብርሀንነሽ ያረፈችበት ሆቴል ገብታ ብቻዋን እራት በላች። የበላችው ምን እንደሆነ እንኳ ልብ አላለችም። በማግስቱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገብታ አሰልጣኙ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። ቀዝቃዛ ነፋስ ማጅራቷን ላሳት። ዞር ስትል በኋላው ግድግዳ ላይ አንድ ጣውላው የወለቀ የመስኮት መዝጊያ አየች። ወጥታ በመተላለፊያው በኩል ወደ መስኮቱ ዞረች። ግቢው ሁሉ ሣር ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ያለችው አንዲት የእግር ቦታ ግን ተረግጣ ተረግጣ እንደ ወለል ጠጥራለች።

«ወይኔ» አለች ለብቻዋ። ደስ አላላትም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁዜይፋን ፖሊሱ ይዞት መጣ፤ ፋናና ዘማርያም ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሙሉሐረግ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ስባ ጥጉን ያዘች።

«ሁዜይፋ፣ ቦታህን ያዝ። እናንተም ፊት ለፊቱ ቁሙ። ምቱን አሳያቸው።»

የአሰልጣኙ ግራ መዳፍ ተነሣ። የሁለቱ ሰልጣኞች ቀኝ መዳፍ አብሮ ተነሣ።

«እንደ መስታወት ነው» አለች ብርሀንነሽ። «እሱ ግራውን ያነሣል፣ እነሱ ቀኛቸውን። እዚህ ውስጥ የተማረ ሁሉ በቀኝ ነው የሚመታው፤ ግራኙ ዘማርያም እንኳ። ሁዜይፋም ለማሳየት ሲሆን ግራውን ይጠቀማል እንጂ ሲደነግጥ በቀኙ ነው የሚሰነዝረው፤ በራሴ አገጭ አይቼዋለሁ። አራጌ የተመታው ግን በግራ እጅ ነው። ይህን ምት አይቶ በግራው የሚማር ሰው የት መቆም አለበት?»

ብርሀንነሽ በጣቷ ወደ ኋላው ግድግዳ አመለከተች።

«ከአሰልጣኙ ጀርባ። የእሱን ግራ በራሱ ግራ የሚቀዳ።» ሄዳ መዝጊያውን ገፋችው። «እዚያ ሥር መሬቱ በአንድ ሰው እግር ጠጥሯል። ሁለተኛ፣ እዚህ የሰለጠነ ሰው መትቶ አይቆምም፤ ይሮጣል። ይህ ሰው ግን ቀረ፤ ቀርቶም ለወደቀው ጆንያ አጠፈለት። ሦስተኛ፣ ሁዜይፋ ዘመድ በሌለበት አገር ታስሮ ስንቅ ያመላለሰለት ሰው አለ። ያላጠፋ መሆኑን የሚያውቅ፣ ዝምታው የሚቆረቁረው ሰው።»

ሙሉሐረግ ቀስ ብላ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደች። የአምስት ጣት ምልክት ጉሮሮዋ ላይ በልዟል።

«ክፍሏን ልቀቂ አለኝ» አለች። «የት ልግባ ስለው አነቀኝ። ዓለም ጨለመብኝ። እጄ ራሱ ሄደ። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ምቱን መቻሌን አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ መስኮቱ ጋ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሰው ለማየት። በር ዘግቼ ስቀመጥ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ሲስቁ፣ ሲጫወቱ። ይኸው ነው። እያየሁ እጄን እንደነሱ አነሣ ነበር፣ ብርዱም ይለቀኛል።»

«ሩጡ ሲልስ አልሰማሽም?»

«እሰማ ነበር እንጂ።» ሙሉሐረግ አየቻት። «የት ልሩጥ? የወደቀው ደጄ ላይ ነው። ከዚያች በር ሌላ ቤት የለኝም። ድንጋዩ ይቀዘቅዘዋል ብዬ ጆንያ አስገባሁለት፤ የሚነሣ መስሎኝ ጠበቅሁ። የባሌ ወንድም እኮ ነው።»

ዘማርያም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወጣ።

«እትዬ» አለ ሁዜይፋ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «በጀርባዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆመው… ምን ነበረበት ገብተው ቢማሩ?»

«ማን ግቢ አለኝ?»

ፋና እንባዋ መጣ። ፊቷ ወደ መስኮቱ ሆኖ ነበር የምትለማመደው። «እኔ ዓይንዎን አይቻለሁ» አለች። «ስንት ጊዜ። ነገ እጠራቸዋለሁ እያልኩ ዝም አልኩ።»

ብርሀንነሽ ወደ ሁዜይፋ ዞረች። «ሁዜይፋ፣ ነፃ ነህ። ሙሉሐረግ፣ አንገትሽን ሐኪም ያየዋል፤ እኔም ያየሁትን አንድም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ነፍሱን ለማዳን የተከላከለን ሰው ሕጉ ነፍሰ ገዳይ አይለውም። ፍርዱ ግን የዳኛ ነው፤ ዝም ብለሽ ሰው ማሳሰርሽም ያስጠይቅሻል። አሁን አብረን እንሄዳለን።»

«እሺ።»

«የት እንዳለሽ ለማን እንንገርልሽ?»

ሙሉሐረግ አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው፤ አንድ ሰው እንዳይጠፋት የፈራች ትመስል ነበር።

«ማንም የለኝም» አለች።

ወጥተው ፖሊስ መኪናው ጋ ሲደርሱ ፋና ቀድማ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኟት።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለች ብርሀንነሽ በሩን ይዛ።

«ማንም አልጠራኝም» አለች ፋና፤ ጠጋ ብላም ለሙሉሐረግ ቦታ ለቀቀችላት። «ይግቡ፣ እትዬ።»