የወንድሙ ሽንት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ በለዘበ ቃል እጽፈው ነበር፤ ግን አልበርድ አለኝ። በሪሁን እባላለሁ። ጋምቤላ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከደጋ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ የአገሩን ወግ ለመንቀፍ አልቸኩልም። ዛሬ ግን እናገራለሁ፤ ራሴንም አልምርም።

ኮአንግ ከጋምቤላ እስከ ማታር ከተማ በባሮ ወንዝ ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ጠንካራ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ አገኘኝና ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ዶክተር፣ ሽንቴ ቀይ ሆነ» አለኝ። እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ግን አያምም። ልጆቹ ቀዩን የከርከዴ ሻይ አበዛህ አሉኝ። ፀሐይ ነው ያሉም አሉ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እኮ የማያመው ደም ነው» አልኩት። «ነገ ጠዋት ና።»

ከወንድሙ ጋር መጣ። የላቦራቶሪያችን መስኮት ወረፋ ጠባቂዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነው። ሰው ሽንቱን ይዞ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ሁሉ እያየው ያስረክባል። የምትቀበለው ኛባንግ ናት፤ የኮአንግ ሚስት ታላቅ እህት። ኮአንግ ያደገበት የኑዌር ወግ ደግሞ ወንድ ልጅ በሚስቱ ዘመዶች ፊት ምግብ እንኳ እንዳይበላ ያሳፍረዋል። ይህን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን ትዝም አላለኝ።

ውጤቱ «ምንም የለም» የሚል ሆኖ መጣ። እኔም አምኜ፣ «በል ከርከዴውን ቀንስ» ብዬ ሸኘሁት። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት።

ደሙ እየመጣ እየጠፋ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት ደም ረግቶ ሽንቱን ዘጋበትና በሸክም አመጡት። ወደ አዲስ አበባ ስንልከው አብሬው ሄድኩ። ዶክተር አቢጋኤል የምትባል ሐኪም በቀጭን ካሜራ የሽንት ፊኛውን አየች። ከቀናት በኋላ ውጤቱን ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ካንሰር ነበር።

«ውጭ አገር በብርሃን የሚሠራ መድኃኒት አለ» አለችን። «በቱቦ ፊኛው ውስጥ ይጨመርና አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ካንሰሩ መድኃኒቱን ይሰበስባል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ቀልቶ ይታያል፤ በተራው መብራት የሚያመልጠው ትንሹ ሳይቀር። ብርሃን ሲነካው ካንሰሩን የሚገድል ሌላ መድኃኒትም እየተሞከረ ነው።»

«እሱን ስጡኝ» አለ ኮአንግ፣ ከአልጋው ቀና ብሎ።

«እኛ ጋ ገና አልገባም። ቢገባም ላንተ አይሆንም። እሱ ገና ላይ ላዩን ያለውን፣ የተደበቀውን ለመያዝ ነው። ያንተ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ለማየት ልዩ መብራት አላስፈለገኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ ምናልባት በዚሁ በተራው መብራት አይቼ ጠርጌ ባወጣሁልህ ነበር።»

«መጥቶ ነበር እኮ!» አልኩ። «ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብሏል!»

ኮአንግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሽንቱ የእኔ አይደለም» አለ። «የእኔን ደፋሁት። የወንድሜን ሰጠሁ።»

ጮህኩበት። ታሞ የተኛ ሰው ላይ «ለምን?» ብዬ ጮህኩ።

«ኛባንግ የሚስቴ እህት ናት። እሷ ደሜን ታያለች? ከዚህ ሞት ይሻላል አልኩ።»

«ይኸው መጣልህ!» አልኩት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፊኛው በቀዶ ሕክምና ወጣ። አሁን ሽንቱ ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። በሽታው ይመለስ አይመለስ ሐኪሞቹም አያውቁም።

ጋምቤላ እንደተመለስን ኛባንግ ነገሩን ሰምታ ኮአንግ ቤት ድረስ መጣች።

«በቀን የስልሳ ሰው ሽንት አያለሁ!» አለች። «የማን እንደሆነ መቼ አስታውሳለሁ? አንተ አፍረህ እህቴን ባል ልታሳጣት?»

ኮአንግ ሸሚዙን ገልጦ ከረጢቱን አሳያት። «ያኔ ብሰጥሽ አንድ ቀን ታዪ ነበር» አለ። «አሁን በየቀኑ እዪ።» ኛባንግ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይህ አሠራር ይለወጥ ብዬ ስጮህ ዋልኩ። ዛሬ ሽንት የሚቀመጥበት ሣጥን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አለ፤ ዕቃው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። አናጺው ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልሠራነው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር!

ወገኖቼ፣ ሽንታችሁ አንዴም እንኳ ቢቀላ፣ ባያምም፣ ቢጠፋም ተመርመሩ። ሐኪሙ ነጭም ሆነ ሰማያዊ ብርሃን ቢያበራ፣ የሚያየው ያሳያችሁትን ብቻ ነው። እኛ የጤና ሠራተኞችም ሰውን አሳፍረን ስናበቃ «ለምን ዘገየህ?» ማለታችንን እናቁም።

ባለፈው ሳምንት ኮአንግ ሽንቱ የቀላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይዞ መጣ። ሣጥኑን አልፎ በቀጥታ ወደ ኛባንግ መስኮት ሄደና ዕቃውን በገዛ እጁ አቀበላት።

«የራሱ ነው» አላት። «ቆሜ አይቼዋለሁ።»