ሳዶቅ እጁን ለምን ዘረጋ

የፖሊሱ ውሻ ሳዶቅን አሽትቶ አለፈው። ኪዲ በዓይኗ አይታለች። የዶሮ ጥብስ ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ ትኩስ ቺፕስ በእጇ ይዛ፣ ውሻው የጓደኛዋን ቦርሳ አሽትቶ ወደሚቀጥለው ልጅ ሲሄድ አይታለች። ፖሊሱ ግን ሳዶቅን አላሳለፈውም።

«ቦርሳህን ክፈት።»

የለንደኑ የፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ መውጫ በሰው ተጨናንቋል። ያን ሳምንት ፖሊሶች አካባቢውን ከአደንዛዥ ዕፅ እናጸዳለን ብለው ዘመቻ ላይ ነበሩ። ከባቡር የወረደ ሰው ሁሉ በፊታቸው ያልፋል፤ የሚያስቆሙት ማንን እንደሆነ ግን ልጆቹ ያውቁታል። ግድግዳው ሥር የተደረደሩት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ።

ፖሊሱ ከሳዶቅ ቦርሳ ሁለት ትናንሽ ዚፕ ላስቲኮች አወጣ። አዲስ ልብስ ሲገዛ ትርፍ ቁልፍ የሚመጣባቸው ዓይነት ናቸው። ውስጣቸው ግራጫ ዱቄት አለ።

«ሁለት? ለማን ነው የምትሸጠው?»

«አመድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ የተባረከ አመድ ነው» አለ ሳዶቅ በእንግሊዝኛ።

ፖሊሱ ሳቀ። አንዱን ከፈተና ጓንቱ ላይ ሊያራግፈው ዘቅዘቅ አደረገው። ዱቄቱ ወደ አስፋልቱ መፍሰስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሳዶቅ እጁን የዘረጋው።

እንግዲህ ይህን የእኛ ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እምነት የምንለው ይህ የተባረከ አመድ መሬት ላይ አይፈስም፣ እግርም አይረግጠውም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ቀስ! እንዳይፈስ!» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ሲፈስ ካየ እጁ ሳያስብ ይሄዳል። ሳዶቅም መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ከሥር ሊቀበለው ነበር።

ፖሊሱ ይህን ከየት ይወቀው? ግን መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። የሳዶቅን ክንድ ጠምዝዞ መሬት ላይ ጣለው። ሌላው ፖሊስ መጥቶ ጀርባው ላይ በጉልበቱ ወጣበት። ሳዶቅ «እጄን! እጄን!» እያለ ሲጮህ፣ ኪዲ ቺፕሷን እንደያዘች ወደ ሱቁ ውስጥ ገባች።

አመዱ ተመረመረና አመድ ሆኖ ተገኘ። የዕፁ ነገር በዚያው ተዘጋ። የሳዶቅ እጅ ግን አንጓው ላይ ተሰብሮ ጄሶ ገባ። ፖሊስ ጣቢያ ወስደውም እናቱን ሳይጠሩ ልብሱን አስወልቀው ፈትሸውት ነበር፤ ስለዚያ ለማንም ማውራት አይፈልግም። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ ፖሊስ ሊመታ ሞክሯል ተብሎ ተከሰሰ። እጁን ዘርግቷል አይደል?

ኪዲና ሳዶቅ የሚኖሩት ኬንቲሽ ታውን፣ መንግሥት የሚያከራየው አንድ የካውንስል ሕንፃ ውስጥ ነው። እነሳዶቅ ከእነኪዲ በላይ ባለው ፎቅ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጠበቃው ቢሮ ተመልሶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሶሊሲተርህ ምን አለችህ?»

«ዊትነስ አለህ ወይ አለችኝ።»

«እና?»

«ብቻዬን ነበርኩ አልኳት።»

ኪዲ አጠገቡ ተቀመጠች። «ለምን ዋሸሃት?»

«እናትሽ እትዬ ፀሐይ ለሲቲዘንሺፕ አፕላይ አድርገው የለ? አሁን ስማችሁ ፖሊስ ጋ ይግባ?» በደህናው እጁ ትከሻዋን ገፋ አደረጋት። «ሪላክስ። ደግሞ ምን ብለሽ ልትመሰክሪ ነው? ‹ዩር ኦነር፣ እኔ ቺፕስ እየበላሁ ነበር› ልትያቸው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሳዶቅ አንዲት ነገር ሆን ብሎ እንዳላነሳባት ታውቃለች። ከሁለቱ ላስቲኮች አንዱ የእሷ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት እናቷ «ፈተና ስትገቡ ግንባራችሁን ቀቡት» ብላ ለሁለቱም ሰጥታቸዋለች። ኪዲ ባቡር ውስጥ የራሷን አውጥታ ሳዶቅ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። «አንተ ያዝልኝ፤ ትምህርት ቤት ቢያዩብኝ ሼም ነው» ብላው ነበር። እሱም ቦርሳውን ዘጋላት።

እቤት ስትገባ እናቷ ፀሐይወርቅ ከሥራ መጥታ፣ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ሂትሮው አየር ማረፊያ የምታጸዳው ፎቅ ማለቂያ የለውም።

«የሳዶቅን እናት፣ ውባንቺን፣ ሊፍቱ ጋ አገኘኋት» አለች እናቷ። «ፊቷ እንዴት ጠቁሯል! ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ‹ልጇ ዕፅ ይሸጣል› ይላሉ አሉ። የሰው አፍ!»

«እማዬ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ።»

እናቷ ቀና አለች። «የት?»

«ሲይዙት። ሁሉንም አይቻለሁ። ፖሊሱን ሊመታው አልነበረም። እምነቱ እንዳይፈስ ሊይዘው ነው።»

ፀሐይወርቅ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ያውቃል?» አለች።

«ሳዶቅ ብቻ።»

«በቃ፣ በዚያው ይቅር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ንጉሡን ማን ነካው፣ እማዬ? የተከሰሰው እኮ ሳዶቅ ነው!»

«አትጩኺ! አንቺ እኔ ያየሁትን አላየሽም። አጎትሽ ሀዲስ አገር ቤት ለጎረቤት ልጅ ልመስክር ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ተደብድቦ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ነው የተመለሰው። እስከ ዛሬ አይሰማበትም።»

ኪዲ ይህን ሰምታ አታውቅም። አጎቷ በስልክ «ሃ? ሃ?» ሲል ሁልጊዜ ኔትወርኩ ነበር የሚመስላት።

«ባይሄድ ኖሮስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ባይሄድማ…» እናቷ ውኃው ላይ አፈጠጠች። «ባይሄድማ ሀዲስ አይሆንም ነበር። አባታችንም ‹ተው› ብሎት ነበር።»

ከውጭ የአውቶቡስ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ኪዲ። «ሁለት የተገኘበት የእኔን ይዞልኝ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳያይብኝ።»

«አፍረሽበት?»

«አዎ።»

ትቆጣኛለች ብላ ጠበቀች። ፀሐይወርቅ አልተቆጣችም። ፎጣውን አንሥታ እግሯን አንድ በአንድ፣ የጣቶቿን መሐል ሳይቀር አደረቀች። ሲከፋት እንዲህ ናት፤ እጇ ሥራ ይፈልጋል።

ኪዲ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ላይ።»

«ወረቀቱ ቢከለከልስ? አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ። ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ እማዬ።»

እናቷ ፎጣውን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። ኪዲ በሩ ጋ ስትደርስ ነው የተናገረችው።

«ሹራብ ደርቢ። ደረጃው ይቀዘቅዛል።»

ሳዶቅ በሩን በግራ እጁ ከፈተ። በጄሶው ላይ የክፍል ልጆች ስማቸውን ጽፈውበታል።

«ለሶሊሲተርህ ደውልላት» አለች ኪዲ።

«ብቻዬን ነበርኩ ብያታለሁ እኮ።»

«እኔ ደግሞ አልነበርክም እላታለሁ።»

ሳዶቅ አያት፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ደረጃውን ተመለከተ። እትዬ ፀሐይ «ነይ አንቺ ልጅ!» ብለው እስኪጠሯት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ኪዲም ሳትፈልግ ጆሮዋን ወደ ታች ጣለች።

ማንም አልተጣራም። ሳዶቅ ከበሩ ገለል አለላት።