የአዝራር ጣሳው

በአንድ የልብስ ስፌት ቤት መደርደሪያ ላይ የአዝራር ጣሳ ነበር። ከአዝራሮቹ ጋር ከየሰዉ የተረፈ የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እንክብል ይጠራቀምበታል። ባለቤቱ ጉሮሮውን በከረከረው ቁጥር አንድ ሁለት ፍሬ ይውጣል፤ ለደንበኛም ያካፍላል። ተው ሲሉት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ከመያዝ ክዳን መክፈት ይቀላል እያለ ያስቃል።

አብራው የምትሰፋው ታናሽ እህቱ ከጣሳው ቀምሳ አታውቅም። አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ወጋትና ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት በሰዓቱ ብትወስድም እብጠቱ ወደ መዳፏ ወረደ። ሐኪሙ በዚሁ ከቀጠለ ጣቷ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገራት።

መግሉ ሲመረመር መድኃኒቱ ባክቴሪያዎቹን እንደማይነካቸው ታወቀ። ውጤቱን ሊቀበል የሄደው ወንድሟ ነገሩ ገረመው።

«እህቴ እኮ ከዚህ በፊት ይህን መድኃኒት ወስዳ አታውቅም» አላት የላቦራቶሪ ባለሙያዋን። «ታዲያ ባክቴሪያዎቹ ማምለጡን ከየት ተማሩት?»

ባለሙያዋ ሥራውን ጠየቀችው። ልብስ ሰፊ መሆኑን ሲነግራት፣ አዲስ የአንገትጌ ቅርጽ ሲያምረው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። በቅርጹ ልክ የተቆረጠውን ወረቀት ከጎረቤት ሰፊ ተውሶ እንደሚገለብጥ ነገራት።

«እነሱም እንደዚያው ናቸው» አለች። «መድኃኒቱን የሚያመክን ብልሃት የተጻፈባት ትንሽ የዘረመል ቁራጭ አለቻቸው፤ ፕላዝሚድ እንላታለን። አንዱ ገልብጦ ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ከሌላ ዘር ቢሆንም ግድ የለውም። ሰው ያለ አግባብ መድኃኒት ሲወስድ ደግሞ ሌሎቹ ይሞቱና ቁራጯን የያዙት ይበዛሉ። ከዚያ በእጅ፣ በዕቃ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራሉ።»

 ሰፊው ስለ ጣሳው ነገራትና፣ «ከእኔ ይሆን የተሻገረባት?» አላት።

«እሱን ማወቅ አልችልም። ከሌላም ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ጣሳውን ባዶ ያድርጉት።»

እህቱ ሐኪም ቤት ተኝታ በሌላ መድኃኒት ዳነች። ጣቷ ተረፈ፤ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባላት ወንድሟ ነው። እንክብሎቹንም ለቅሞ ለፋርማሲ አስረከበ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንበኛ እያሳለ መጥቶ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ሰፊው ከጣሳው ነጭ አዝራር አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ለሳልህ ሐኪም ጠይቅ።»

ደንበኛው ሳቀ። እህቱ ግን ሳትስቅ የማይታጠፈውን ጣቷን አሳየችው፤ ሳቁን አቆመ።

ወገኖቼ፣ እኛ የተረፈ እንክብል ስንዋዋስ ባክቴሪያዎቹም ብልሃታቸውን ይዋዋሳሉ። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ መደርደሪያችሁ ላይ ያለውን ጣሳ ክፈቱ።