«ታንኳ» ያላተመችው ዜና

ኑርዬ የሚባል ገበሬ ከአምባሰል ወርዶ ሐይቅ ከተማ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባና፣ መምህር ሙነወርን ስለ በቅሎው አመሰገነው። በቅሎዋ ጠፍታ ከርማ፣ ጋዜጣው ስለተናገረላት ተገኝታለች። ኑርዬ ምርቃቱን ጨርሶ፣ ያመጣውን ማር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሄደ። ሙነወር ግን ባለበት ደርቆ ቀረ። ስለ በቅሎ አንድም ቃል አትሞ አያውቅም።

ጋዜጣዋ «ታንኳ» ትባላለች። በለውጡ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ አፉ የተፈታ በመሰለበት ጊዜ፣ ሦስት ሰዎች ያቋቋሟት ሳምንታዊ ናት። ስሟን ያወጡት ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋሽ ሙላት ናቸው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ስህን ታባዛለች። ግጥም የሚጽፈው፣ ግን ለሰው ማንበብ የሚያፍረው ሙነወር ደግሞ ያዘጋጃል። አንድ ትልቅ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ በሚኒባስ ተጭኖ እስከ ውጫሌ ይሄዳል። የውጫሌ ሰዎች «ታንኳ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» እያሉ ይቀልዱባታል።

ጋሽ ሙላት ከፍርድ ቤት ይዘውት የመጡት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ወሬ አይታተምም። ሙነወር ሕጉን ከእሳቸው በላይ አጠበቀው። ዝናብ ዘነበ ብሎ ለመጻፍ እንኳ ጎረቤት ይጠይቃል እያለች ስህን ትስቅበታለች።

ከኑርዬ በኋላ ሌሎችም መጡ። አንዲት ሴትዮ የአማቻችንን መዳን ስላወጃችሁልን አላህ ይስጣችሁ አሉ። አንድ ሽማግሌ ስለ ምንጩ ጠረጋ የተጻፈው እውነት መሆኑን ሊያጣሩ ወረዱ። ሙነወር የቆዩ ቅጂዎችን አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። የአማቹም የምንጩም ነገር የለም። እንቅልፍ የነሳው ንዴት አልነበረም፤ የማወቅ ጉጉት ነው። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፈረና ውጫሌ ወጣ።

መልሱን ለማግኘት አልተቸገረም። ሻርፕና ሒጃብ በተዘረጋበት መደብ ፊት ሰው ተኮልኩሏል። ሽንኩርት ሻጮች፣ ባጃጃቸውን ያቆሙ ሾፌሮች፣ በግ የሚጎትት ሰው፣ ሁሉም ጸጥ ብለዋል። ከመደቡ ኋላ አንዲት ወጣት «ታንኳ»ን ዘርግታ ታነባለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ሰው ጋ ይደርሳል። ሙነወር የገዛ ዐረፍተ ነገሮቹን ከእሷ አፍ ሲሰማ የሌላ፣ ከእሱ የተሻለ ሰው የጻፋቸው መሰሉት።

ስለ መንገዱ ስብሰባ አነበበች። ስለ ዓሣ ማስገሪያ መረብ አነበበች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ፣

«የእትዬ አሰገደች ላም መንታ ወለደች። እናትም ልጆችም ደኅና ናቸው» አለች።

ሰዉ ሳቀ፤ አንዳንዱም መረቀ። ከዚያ ተበተነ። ሙነወር ጠጋ አለ።

«የላሟ ዜና የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

«ልትገዛ ነው ልትመረምር?»

«ላነበው ብዬ ነው።»

«ማንበቡን ለእኔ ተወው፤ አንተ ሻርፕ ግዛ።»

«እኔ ነኝ የምጽፈው» አለ፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ ባልተሰማ ድምፅ።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አዘጋጁ እርስዎ ነዎት? እኔማ ሪዛም ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።»

ኢቲሳም ትባላለች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ የተመለሰች ናት። እዚያ እያለች፣ ፊደል ላልቆጠሩ የወሎ ልጆች ከአገር ቤት የሚላክላቸውን መልእክት የምታነብ እሷ ነበረች። ያን ጊዜ የተማረችውን ሳታፍር ነገረችው። ስብሰባ ለመስማት ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው የለም፤ ላሟን ሊሰማ የቆመ ግን ስብሰባውንም ይሰማል።

«ያልተረጋገጠ ነገር ግን...» ብሎ ጀመረ።

«ሂድና እያት። ወላሂ ሁለት ጥጃ ነው።»

ሄደ። ከእትዬ አሰገደች በረት ገብቶ ሁለቱንም ጥጆች አየ፤ ጎረቤትም ጠየቀ። የሚቀጥለው «ታንኳ» አራተኛ ገጽ ላይ የላሟ ዜና ታተመ።

ከዚያ ወዲያ አራተኛው ገጽ የኢቲሳም ሆነ። እሷ በስልክ ትነግረዋለች፤ እሱ ያጣራል፤ በገበያ ቀን ወጥቶ ሲነበብ ይሰማል። በወጣ ቁጥር ሻርፕ ይገዛል።

«ለማን ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ለእናቴ።»

«እናትህ ስንት ራስ አላቸው?»

ሙነወር ገንዘቡን ቆጠረ። ሻርፑን ስታጥፍ ጣቶቿን አየ፤ ሲያይ እንዳየችው አወቀ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ሊላት የሚገባውን አወቀ። ግን የእሷ ልብ ምን እንደሚል ማን መስክሮለት?

እንዲህ ሲያጣራ ወራት አለፉ። አንድ ገበያ ቀን ኢቲሳም ፊቷ እንደወትሮው አልነበረም። እናቷ እትዬ መስኡዳ፣ መደቡ ቤተሰቡን አይመግብም ብለው፣ እንደገና ወደ ጅዳ እንድትሄድ ጉዳዩን ጨርሰዋል።

«ለጋዜጣህ ዜና አለኝ» አለችው። «ኢቲሳም ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው።»

ወራት ሙሉ ሊላት ያሰበው ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ተረጋግጧል?»

«ቪዛው መጥቷል። አንዷ ምስክር እኔ፣ ሁለተኛዋ እናቴ። ይበቃሃል?»

«ይበቃል» አለ ሙነወር።

አተመውም። ስህን ወረቀቱን እያባዛች «አንተ ልጅ፣ ዛር ነው ያለብህ?» አለችው። እሱ ግን በልቡ ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ ሐሰት ነው፣ አልሄድም የሚል ማስተባበያ ከእሷ እንዲመጣ። በገበያው ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ አዳመጠ። ኢቲሳም አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የራሷን ስም አየች። አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው፣ ቃል ሳትጨምር። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችና ዕቃዋን ሰበሰበች።

ሙነወር በሳምንቱ ሊሄድና የሚለውን ሊል ቆረጠ። ሳምንቱ ግን አልሞላም። ጦርነቱ ከሰሜን ወረደ፤ መንገዱ ተዘጋ። የውጫሌ ሰው ጓዙን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ በሐይቅ በኩል አለፈ። ሙነወር መንገድ ዳር ቆሞ አላፊውን ሁሉ ስለ ኢቲሳም ጠየቀ። አንዱ ደሴ ገብታለች አለ። አንዱ ቀድሞ በአውሮፕላን በርራለች አለ። አንዷ እናቷን ይዛ ገደል ለገደል ስትወርድ አየኋት አለች። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር አልነገረውም።

ብዙም ሳይቆይ ተራው የሐይቅ ሆነ። ጋሽ ሙላት በዚህ ዕድሜዬ የት እደርሳለሁ ብለው ቀሩ። ሙነወር እናቱን ይዞ በእግር ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረሰ። ተፈናቃይ በተጠለለበት ትምህርት ቤት ለብርድ ልብስ ተሰልፎ ሳለ፣ ከፊቱ ያለችው ሴት ለጓደኛዋ «ልጁ እኮ ተገኘ፤ ታንኳ ተናግራለች» ስትል ሰማ።

«የቷ ታንኳ?» አለ።

«ጋዜጣዋ ናታ። ከዐስር ሶላት በኋላ ከሜዳው ዳር ትነበባለች።»

«ታንኳ» ከታተመች ወር አልፏታል። የማተሚያ ማሽኑ ሐይቅ ቀርቷል። ሙነወር ሰልፉን ትቶ ወጣ፤ ያ የበቅሎዋ ቀን ጉጉት እንደገና ይዞት ነበር።

ከሜዳው ዳር ሰው ተኮልኩሏል። መሐል ላይ ኢቲሳም በወፍራም ጋቢ ተጠቅልላ ቆማለች፤ እጇ ላይ እጥፋቱ የተበላ አሮጌ «ታንኳ» አለ። ያው የመጨረሻው ቅጂ ነው፤ የራሷ ዜና ያለበት። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ፣ ቀን ቀን ስትጠይቅ የዋለችውን ታነባለች።

«የእትዬ ፈዲላ ልጅ ሙሀይሚን ከአክስቱ ጋር ኮምቦልቻ በኩል ወጥቷል። ያየው ሰው እዚህ አለ።»

አንዲት እናት ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ኢቲሳም ጠበቀቻት፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«የታንኳ አዘጋጅ መምህር ሙነወር በሕይወት አለ። እየመጣ ነው።»

«ይህቺን በየቀኑ ነው የምታነባት» አሉ ከጎኑ የቆሙ ሽማግሌ።

ሙነወር አፉን ሲከፍት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከሰው ሁሉ በላይ ተሰማ።

«ማን መሰከረ?»

ሰዉ ዞረ። ኢቲሳም ቀና አለች። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«አንድ ሰው ብቻ» አለች። «ሁለተኛው ዘግይቶብኝ ነው።»

ሰዉ መንገድ ሰጠው። ፊቷ ደርሶ ቆመ። «ማስተባበያ አለኝ።»

«ስለ ምን?»

«ኢቲሳም ልትሄድ ነው ስለሚለው ዜና።»

«እሱ በሁለት ሰው የተረጋገጠ ነው።»

«ሦስተኛው አልተጠየቀም ነበር።»

«ማን ነው ሦስተኛው?»

«እኔ ነኝ። አትሂጂ።»

ኢቲሳም ጋዜጣውን በቀስታ አጠፈችው። «ይህን ለማለት» አለች ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «አገር ሙሉ መፈናቀል ነበረበት?»

አልሄደችም። እትዬ መስኡዳ ለጥቂት ቀናት አኮረፉ፤ ኋላ ግን በብርዱ ቀን ሙነወር ለኢቲሳም ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ጋቢ ማምጣቱን አይተው ፈቀዱ። ሁሉም ወደ አገሩ ሲመለስ ጋሽ ሙላትን በሕይወት አገኟቸው። የስህን ማሽን ግን ተወስዶ ነበር። ኒካሑ ሐይቅ ላይ ታሰረ፤ ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ የበቅሎው ባለቤት ኑርዬ ነበር።

ስህን በእጇ የገለበጠቻት ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያዋ «ታንኳ» ውጫሌ ስትወጣ፣ ገበያው ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ኢቲሳም ስለ ተቃጠለው መጋዘን አነበበች፤ ስለ ዘር እህል አነበበች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ፣

«መምህር ሙነወርና ኢቲሳም ተጋቡ። ሁለት ሰው መስክሯል» አለች።

ሰዉ መረቀ። ሙነወር ያን ዜና አልጻፈውም፤ አፍሮ ትቶት ነበር። ቢሆንም ከሰው ኋላ ቆሞ ሰማ፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።