አንታልያ ላይ በስሜ የተያዘው ክፍል

ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ። ዋሽቼ የማገኘው ነገር የለም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከተማው በቱሪስት ተጨናንቆ።

ሰብለ እባላለሁ። የምኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይትሆል ሰፈር ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ፊልሞን የትራክ ሹፌር ነው። ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል።

አዲስ አበባ ልንሄድ ትኬት ስንቆርጥ ፊልሞን አንድ ሐሳብ አመጣ።

«በቱርክ በኩል ነው የምናልፈው። ለምን ዊክኤንዱን አንታልያ አናሳልፍም? ጥንታዊ ከተማ ናት፣ ባሕር አላት። ሺፍት የለ፣ መኪና የለ... ዝም ብለን በእግራችን እንዞራለን።»

«ታውቃታለህ እንዴ?»

«ኧረ እኔም አይቻት አላውቅም!»

ደስ አለኝ። ዓመቱ ከብዶኝ ነበር። ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ሬይኖልድስበርግ ትኖር የነበረችው የልብ ጓደኛዬ ወሰንየለሽ ድንገት አፓርትመንቷን ለቃ ጠፍታብኛለች።

«ሲያትል ገብታለች» ብሎኝ ነበር ፊልሞን። «ኮል ሳደርግላት ተዉኝ፣ አዲስ ሕይወት ልጀምር አለች። ከዚያ ብሎክ አደረገችኝ።»

እኔም አኩርፌ ዝም አልኩ። ላፈላልጋት እንኳ አልሞከርኩም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንታልያ አርብ ከሰዓት ገባን። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን ከተማ ለማየት ወጣን። ሮማውያን የሠሩት ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ በር አለ። በእሱ ገብተን ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ጠባብ ነው። የእንጨት ሰገነቶች ከላያችን ተንጠልጥለዋል። በየደጃፉ ድመት ተኝቷል። ፊልሞን እጄን ይዞኛል።

ግን...

ካርታ አላወጣም።

መንገዱ ሦስት ቦታ ሲከፈል እንኳ ቆም አላለም። «በዚህ» ይላል፤ እንሄዳለን። «ደረጃ አለ፣ ተጠንቀቂ» ይለኛል... ደረጃው ገና ሳይታየን።

«ከየት አወቅከው?»

«ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነዋ!» ሳቀ።

የሮማን ፍሬ እየጨመቀ የሚሸጥ ሽማግሌ ፊልሞንን ሲያየው ፊቱ በራ። ማንም ሳያዘው ሁለት ብርጭቆ ሞላ። ከዚያ እኔን አየኝ።

ፈገግታው ጠፋ። አንዱን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠው።

ፊልሞን ክንዴን ይዞ በፍጥነት ወሰደኝ።

ፀሐዩ ሲከብድብኝ ባርኔጣዬን ልወስድ ወደ ማረፊያችን ተመለስን። ቤተሰብ የሚያስተዳድራት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነች። ፊልሞን ስልክ እያወራ ውጭ ቀረ። ትናንት የተቀበለችን አንዲት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ግን የማረፊያው ባለቤት ተቀምጣለች፤ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ ናት። መዝገቡን እያየች በእንግሊዝኛ አናገረችኝ።

«ክፍሉ ዘንድሮም ተስማማችሁ?»

«ዘንድሮም?»

«አምናም እሱን ነበር የያዛችሁት። ሚስተር ፊልሞንና ሚስስ ሰብለ...»

ቀና አለች። መነጽሯን አወለቀች። አተኩራ አየችኝ።

«አንቺ... እሷ አይደለሽም።»

እንግዶቿን ሁሉ በር ላይ ፎቶ ታነሳለች። ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ።

ፊልሞን። ትከሻው ላይ ተደግፋ ደግሞ... ወሰንየለሽ።

የኔ ወሰንየለሽ። በኔ ስም።

አምና «የቴክሳስ ጭነት አለብኝ» ብሎ ዐሥር ቀን ጠፍቶ ነበር። ስንቁን ቋጥሬ የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ በሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በመጨረሻው ቀን አብረው በእግር ወጡ። የተመለሰው እሱ ብቻ ነው። ቀድማኝ ሄዳለች አለኝ። ሻንጣዋን ግን... ይዞ የወጣው እሱ ነው።»

«ሰብልዬ! አትመጪም እንዴ?»

ፊልሞን ነው፤ ከውጭ።

ለምን ተከትዬው እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ዓይኑን እያየሁ ልጠይቀው ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከወደቡ በላይ፣ አሮጌው ግንብ ገደሉ ላይ የሚያበቃበት ቦታ ወሰደኝ። ከእኛ በቀር ሰው የለም። ታች ባሕሩ ድንጋዩን ይመታል።

«እዚያ ቁሚ፣ ፎቶ ላንሳሽ።»

ቆምኩ።

«ትንሽ ወደ ኋላ...»

አልተንቀሳቀስኩም።

«ትንሽ ብቻ፣ ሰብልዬ።»

«ወሰንየለሽም እዚህ ነበር የቆመችው?»

ስልኩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። «ምን ማለትሽ ነው?» አላለኝም። አልማለም፣ አልካደም።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

በቃ። ስድስት ዓመታችን በሁለት ቃል አለቀ።

አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ።

ሁለተኛውን ሊራመድ ሲል... ደርቆ ቀረ።

እኔን አይደለም የሚያየው። በትከሻዬ አሻግሮ ከኋላዬ ነው የሚያየው። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ገደል ነው። ከንፈሩ ነጣ።

«ሂጂ...» አለ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ሂጂልኝ» አለ፣ አሁንም ከኋላዬ እያየ። ከዚያ ለእኔ፣ «እንዳትዞሪ።»

ያኔ ሰማሁት።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ከረጠበ ልብስ ላይ ውሃ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ። ከዚያ የአንድ ሰው ትንፋሽ አንገቴን ነካኝ። ይቀዘቅዛል። ጨው ጨው ይሸታል።

አልዞርኩም። በጎኑ አልፌ ሮጥኩ። እሱም አልተከተለኝም።

ፖሊስ ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋም አብራኝ መጥታ ያየችውን ተናገረች። ፊልሞንን በየቦታው ፈለጉት። ፓስፖርቱ ክፍላችን ውስጥ ነው። እሱ ግን የለም።

ለወሰንየለሽ እናት አዲስ አበባ የደወልኩት እኔ ነኝ።

«ሲያትል ናት፣ ደህና ናት ብሎ ባልሽ በየበዓሉ እየደወለ ይነግረኝ የለ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።



ሰኞ ዕለት አንድ ፖሊስ ጠርቶኝ ቪዲዮ አሳየኝ። ቅዳሜ ዕለት፣ ወደብ ዳር ካለ ሱቅ ካሜራ የተቀረጸ ነው።

ፊልሞን ከግንቡ ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን ደረጃ ይወርዳል። ቀኝ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ የሌላ ሰው እጅ እንደያዙ ተጨብጠዋል። ከፊቱ ግን ማንም የለም። እግሩን ይተክላል፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል... የተዘረጋው እጁ ግን ወደ ፊት ይስበዋል። ሰዎች በአጠገቡ ያልፋሉ። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ። እስከ ደረቱ። ከዚያ የለም።

ፖሊሱ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ...» አልኩት።

ደረቁ ደረጃ ላይ አንድ የእርጥብ ባዶ እግር ዱካ ታተመ። ትንሽ ነው፤ የሴት እግር። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ...

ከባሕሩ እየወጣ፣ አንድ በአንድ፣ ደረጃውን ሽቅብ ወደ ከተማው፣ በስሜ ወደተያዘው ክፍል አቅጣጫ ይሄዳል።