ደንበኞቹ ለምን ቀሩ?

«ቲቪ ብለሽ ጻፊ» አለቻት ሬዲዮ። «ትልቅ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ አዲስ ቀለም። አለቀ! ነገ አቅርበን እንገላገላለን።»

ቀጮ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች እንጂ አልጻፈችም። «ማንን ጠይቀን?»

«ማንንም። አሥር ሰው ጠየቅን እንላለና። መምህሩ በር ለበር እየዞሩ ሊያጣሩ ነው? አቦ አታካብጂ!»

ሬዲዮ ይህ ስም የወጣላት አንዴ ከተከፈተች የሚያጠፋት ስለማይገኝ ነው። ቀጮን ቀጮ ያለቻትም እሷ ናት። ሁለቱ በትምህርት ቤቱ የንግድ ክበብ አንድ ሥራ ደርሷቸዋል፤ ገበያው የቀዘቀዘ ሱቅ መርጠው በዲዛይን ቲንኪንግ መንገድ መፍትሔ መፈለግ። መምህሩ አምስቱን ደረጃዎች ሰሌዳው ላይ ጽፈውላቸው ነበር፤ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መለየት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር።

«አብዛኛው ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል» ብለው ነበር። «ለዚህ ነው ማንም ያልፈለገው ነገር በየሱቁ ተገዝቶ አቧራ የሚጠጣው። እናንተ መጀመሪያ አድምጡ። ‹ወደዱት ወይ?› ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ ይሸነግላችኋል። ‹ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱበትን ቀን ይንገሩኝ› በሉና ዝም በሉ። የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው።»

ቀጮ የዚያን ዕለት እጇን አውጥታ የአባቷን ፀጉር ቤት መረጠች። ቤቱ ሦስት ወንበር አለው፤ ሁለቱ ጨርቅ ለብሰዋል። አባቷ ባለፈው ሳምንት «እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልተመለሰ ቁልፉን አስረክባለሁ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ እናቷም አልጠየቀችም፣ እሱም አልተናገረም። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

እስካሁን ሰባት ሰው ጠይቃለች። «አባትሽ? እጁ ወርቅ ነው!» አሏት ሁሉም። አንዱ ጊዜ አጥቶ ነው፣ አንዱ ፀጉሩን ሊያሳድግ ነው። «መንገዱ ራቀኝ» ያላት ሰውዬ ደግሞ ቤቱ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ማጅራቱም አዲስ ተላጭቶ ያብረቀርቃል። ከደንበኞቹ ያልቀሩት አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ብቻ ናቸው።

«ስምንተኛ ሰው ልጠይቅ» አለች ደብተሯን እየሰበሰበች።

«ሂጂ፣ ድከሚ!» አለች ሬዲዮ። «እኔ ቲቪውን እየሳልኩ እጠብቅሻለሁ።»

ስምንተኛው ሰው፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን ይደረድሩ ነበር።

«ጋሼ፣ አባዬ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆረጡበትን ቀን ይንገሩኝ።»

«ኧረ አባትሽማ እጁ...»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩዎት» አለችና ምላሷን በጥርሷ ያዘች።

ፋርማሲስቱ የተደረደረውን ካርቶን አፍርሰው እንደገና ደረደሩት። አንዲት ሴት የራስ ምታት ኪኒን ገዝታ ወጣች። ቀጮ ቆማ ጠበቀች።

«የዝናቡ ሰሞን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግማሹን ቆርጦኝ ነበር። ከዚያ ስለ ወንድምሽ ጀመረ።»

ጆሮዋ ጋለ። ወንድሟ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቷ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከታ ከቁም ሳጥኑ አናት ከሰቀለችው ወዲህ እቤት ውስጥ ስለ እሱ ተነሥቶ አያውቅም። «እንዳታነሡብኝ፣ እሞትባችኋለሁ» ብላ ለምናቸዋለች፤ እነሱም እሺ ብለዋል።

«አባዬ ምን አለ?»

«አንቺ አታውቂም?»

 አሁን ዝም ያለችው መምህሩ ስላዘዙ አልነበረም።

«ያን ቀን ጠዋት ልጁ ሊቆረጥ ገብቶ ነበር አለኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ‹አንተ የቤት ልጅ ነህ፣ ደንበኛ ይቅደም፤ ዞር ዞር ብለህ ተመለስ› አለው። ልጁ እሺ ብሎ ወጣ። ሲሻገር ነው እንግዲህ መኪናው...» ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን አወለቁ።

መኪናውን ታውቃለች። ከመኪናው በፊት የሆነውን ግን የነገራት አልነበረም።

«ለሁሉም ሰው ይነግራል?»

«ለተቀመጠ ሁሉ። መቀሱን አየር ላይ ይዞ፣ በመስታወቱ ዓይን ዓይንሽን እያየ። የቀረሁት ሐዘን ጠልቼ እንዳይመስልሽ፤ ሐዘን የማን ቤት አልገባም? ግን እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የልጁን ተራ የወሰድኩበት እኔ ይመስለኛል። አልቻልኩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪው። አደራሽን።»

ስትወጣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ሁለተኛው ደረጃ አልቋል፤ ችግሩ ተለይቷል። መፍትሔውም አንድ መስመር ነው፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ ዝም ይበል። ንጹሕ መልስ ነው። ምናልባት ቤቱን ያድነው ይሆናል። ሬዲዮ ብትሰማ ታጨበጭባለች።

እግሯ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰዳት። በበሩ መስታወት በኩል ጡረተኛውን ዘበኛ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠው አየቻቸው። አባቷ መቀሱን አየር ላይ ይዞ ይናገራል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

«ከኋላ አሳጥረው!» ጮኹ ዘበኛው። «ከኋላ ነው ያልኩህ!»

ያኔ ገባት። እሳቸው ያልቀሩት ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው።

አባቷ ሲያያት ፊቱን በክንዱ ጠረግ አድርጎ ፈገግ አለ። «ነይ እንጂ የኔ ልጅ! ደንበኞቼን አገኘሻቸው? ምን አሉሽ?» ውጤት ሊነገረው እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ዝም በል፣ ይመለሳሉ። ግን እቤት ዝም፣ እዚህም ዝም ከተባለ ያን ጠዋት ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል?

«‹እጁ ወርቅ ነው› አሉ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» ሳቀ። «ታዲያ ወርቁን ጥለው የት ገቡ?»

«ገና አልጨረስኩም፣ አባዬ።»

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሬዲዮ ጽፋለች፤ «ቲቪው አምሯል። ላስገባው?»

«አታስገቢው» ብላ መለሰች።

«ታዲያ ምን ልናቀርብ ነው? ባዶ ወረቀት?»

 ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

እራት ላይ ሦስቱም አጎንብሰው ይበላሉ። እናቷ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካቻት። «ፊትሽ ልክ አይደለም። አሞሻል? ብዪ፣ ምንም አልቀመስሽ። ፈተናው ነው? ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ስትጨነቂ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ቀጮ እናቷን አየቻት፣ አባቷን አየችው። ወንድሟን ብታነሣ ፀጉር ቤቱ አይድንም፤ ቁልፉ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መሄዱ አይቀርም። እናቷንም ልታሳምማት ትችላለች። 

«ወንድሜ» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «ወንድሜ ቆሞ ነበር የሚበላው።»

የእናቷ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ተይ። አንቺ ልጅ፣ ተይ ብያለሁ።» ተነሣች፤ ያልተበላውን ሳህኗን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ተሰማ።

አባቷ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። ቀጮ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሠራች አሰበች፤ ቃሏን መልሳ መዋጥ ፈለገች።

«ቆሞ» አለ አባቷ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «መኪና እንደሚያመልጠው ሰው።» የተናገረውን ቃል ሲሰማው ፊቱ ተጨማደደ።

«‹ቁጭ ብዬ ከበላሁ ያስተኛኛል› ይላችሁ ነበር።»

«ይል ነበር... አዎ፣ ይል ነበር።»

ማድ ቤት ውሃው ቆመ። ሳህን ሲነካካ አልተሰማም። እናቷም አልወጣችም።

ቀጮ ፊቷን ወደ ማድ ቤቱ በር አዞረች፤ ድምጿንም እዚያ እስኪደርስ ትንሽ ከፍ አደረገችው። «ጫማውን ደግሞ» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ ፈትቶ አውልቆት አያውቅም።»