ሁለት ሰው የሚሸከመው አልጋ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ከፋ። የእርሻ በሬ ለጦሩ ታረደ። ማሳው ጦሙን አደረ። በሐምሌ ተስቦ ገባ፤ ሰው ሰውን መጠየቅ ተወ።

በዚያ ክረምት የድረስ እናት ታመሙ። ድረስ አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ቤት መንደፍ ተምሮ የመጣ፣ አገሬው «መሐንዲሱ» የሚለው ወጣት ነበር። እናቱን ወደ ጠበል የሚሸከምለት አጣ። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። አያ እንዳላማው ብቻ የራሳቸውን የጠፍር አልጋ አወጡ፤ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ሆነው ትከሻቸውን ሰጡ።

ሴትዮዋ መንገድ ላይ አረፉ። አልጋው ተስቦ ነክቶታል ተብሎ ተቃጠለ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ መደብ ላይ ሲተኙ ብርዱ ወገባቸውን ያዘው፤ መቆም ተሳናቸው። ወንዶቹ ልጆች አርበኛ ሆነው ጮቄ ዱር ገቡ። ከእሳቸው ጋር የቀረችው ሴት ልጃቸው የብርጓል ብቻ ናት።

ድረስ የብርጓልን ይወዳታል። የአባቷን አልጋ ሳይመልስ ግን ሽማግሌ መላክ አፈረ። በሬ ባለቀበት አገር ደግሞ ጠፍር ከየት ይመጣል?

በጥቅምት አንድ ቀን ቀርከሃና ጥቅል ሽቦ ይዞ ቤታቸው ገባ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው የብርጓል።

«አልጋ።»

«እኔስ የዶሮ ቆጥ መስሎኝ!»

«ሳቂ። የጠፍር አልጋ አራት ሰው ይፈልጋል። ይህን ሁለት ሰው ያነሣዋል።»

ሽቦውን ስትነካው ሳቋ ጠፋ። አርበኞች በጥሰው ገደል የጣሉት የስልክ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ሽቦ ቤቱ የተገኘበት ሰው ገበያ መሀል ይሰቀላል። ቅዳሜ ዕለት የተሰቀለውን አይታዋለች።

«ልታስፈጀን ነው?»

«ሰው የሚችል ሌላ ነገር አጣሁ።»

 ተነሥታ ወስፌዋንና አክርማ ሣሯን አመጣች።

«ወዲህ በለው። እርቃኑን አይደር።»

እሱ ሽቦውን በቀርከሃው ላይ ወጠረ። እሷ እንደ ሌማት ሣር እየጠመጠመች ሸፈነችው። ጣታቸው ሽቦው ላይ ሲገናኝ ሁለቱም ሥራውን ያቆማሉ።

አልጋው አልቆ አያ እንዳላማው ተኙበት።

«አሁን ሽማግሌ ልላክ?» አላት በሹክሹክታ።

«አንድ ሌሊት እንኳ ይደሩበት እንጂ!» ዓይኗን ግን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የጣሊያን መኮንን ዱር የገቡትን ልጆች ፍለጋ መጣ። ወታደሮቹ ጎተራውን ገለበጡ። መኮንኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠና ሳቀ። በአውራ ጣቱ ሣሩን ይፍቅ ጀመር። የብርጓል ያን ጣት ታያለች። 

አስተርጓሚው የሽማግሌውን አዳር ሊጠይቅ ማልዶ ወደ መጣው ወደ ድረስ ዞረ። «ዕድለኛ ነህ መሐንዲሱ! ጌታዬ አልጋውን ወደውታል። ነገ በጠዋት ጦር ሰፈር አምጣው።»

ሄዱ። 

«እዚያ ሲደርስ ሣሩ ይገለጣል» አለ ድረስ። «እኔ ይዤው ልሂድ። እናንተ ሽሹ።»

«አባባ በምን እግራቸው?»

«እኔን ተዉኝ» አሉ ሽማግሌው። «አልጋውን አቃጥሉና ነፍሳችሁን አውጡ።»

የብርጓል መቀነቷን አጠበቀች። «አንድ አልጋ ተቃጥሏል፤ ይበቃል። አንተ፣ ሁለት ሰው ያነሣዋል አላልክም? አንሣ እንግዲህ!»

በዚያው ሌሊት ሽማግሌውን ከነአልጋቸው ተሸክመው፣ ከፊት እሷ፣ ከኋላ እሱ ሆነው ሽቅብ ወደ ጮቄ ወጡ። በማግስቱ ከበስተኋላቸው ጭስ ታየ። ቤታቸው ነው።  ትከሻዋ ደማ፤ የሁለቱም መዳፍ ተልጦ ደማ። አልጋው አልረገበም።

አንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ድረስ እግሩ ተያዘ። እናቱ ወደ ጠበሉ ሲወሰዱ ያረፉት እዚያ ነው።

«አውቄዋለሁ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እሷን ከዚህ አላሳለፍናትም። አንተ እኔን አሳልፈኝ።»

አሳለፋቸው። ወንዶቹ ልጆች ዋሻቸው አፍ ላይ ተቀበሏቸው። አልጋው መሬት ሲነካ አያ እንዳላማው የብርጓልን እጅ ይዘው በድረስ መዳፍ ላይ አኖሩት። ደሟ ከደሙ ጋር ተነካካ።

«እናንተ ምስክር ሁኑ» አሏቸው ልጆቻቸውን። «አልጋዬን ተቀብያለሁ።»